የአረንጓዴው ሂሳብ

አረንጓዴ በእኛ ቋንቋ መልካም ስም ያለው ቀለም ነው። «ለምልም» ብለን እንመርቅበታለን፤ በእንቁጣጣሽ ማለዳ ልጆች እርጥብ ሣር ይዘው በራችንን ያንኳኳሉ፤ የቄጠማው ጉዝጓዝ፣ ያልደረሰው የጤፍ ማሳ፣ የክረምቱ መስክ… ሁሉም በእርሱ ይሞሸራል። ገጣሚ ነኝ ባይ ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ስንኝ ሲጎድልበት «ልምላሜ» የምትለዋን ቃል ከኪሱ ያወጣታል። ግና አረንጓዴ እንደ ዕዳ የሚታይበት፣ ሰው አይቶት ፊቱን የሚያዞርበት አንድ ቦታ አለ። እርሱም የቆመ ውሃ ነው።

ልጽፍ የተነሣሁት ስለ አንዲት የጓሮ ኩሬ ነው። ግጥም ሽታችሁ የመጣችሁ ወዳጆቼ ጥቂት ታገሡኝ፤ ይህችም ኩሬ ሰምና ወርቅ አላት። ሰሟ አረንጓዴ ነው፤ ወርቋ ግን ሌላ።

ኩሬዋ የምትገኘው ሞጣ ከተማ ዳር፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። ትውልዴ ቢቸና ነው፤ እንጀራዬ ሞጣ፣ ከባንክ መስኮት ኋላ። ወርዷ አራት፣ ርዝመቷ አምስት ሜትር ነው፤ ጥልቀቷም ከወገብ እምብዛም አያልፍም። የቆፈሯት የአከራዬ የእማማ ባለቤት ናቸው፤ በ1996 ዓ.ም. ገደማ፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ በየጓሮው እንዲቆፈር በዘመቻ በሚቀሰቀስበት ወቅት። ያኔ ከተቆፈሩት ብዙዎቹ ፕላስቲካቸው ተቀድዶ ውሃቸው ሰርጎ፣ ወይ ደርቀው ወይ ተደፍነው ቀርተዋል። የእኒህ ሰው ኩሬ ግን ተረፈች። ኋላም ከባሕር ዳር የመጡ የቆሮሶ ጫጩቶች ጨመሩባት፤ ዓሣዎቹ በአገራችን ቅዝቃዜ ቀስ ብለው ቢያድጉም ኖሩ። ባለቤታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል። ዓሣዎቹ ግን ዛሬም የሰው ጥላ ሲያዩ ወደ ዳር ይመጣሉ፤ የሚጠብቁት ማንን እንደሆነ እማማም እኔም እናውቃለን፤ አንነጋገርበትም።

አምና ለመስቀል የመጣው የበኩር ልጃቸው ኩሬዋን ባያት ጊዜ አፍንጫውን ያዘ። ውሃው አተር ክክ ወጥ መስሏል፤ በላዩም እንደ ተባዘተ ጥጥ ያለ አረንጓዴ ነገር ተንሳፍፏል። «እማዬ፣ ይህ እኮ የትንኝ ቤት ነው። እንድፈነውና ሁለት ሰርቪስ ቤት እንሥራበት፤ ኪራይ ያመጣል» አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ለእናቱ አስቦ ነው። እማማ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም እንዲህ አሉት፦ «እስከ ፋሲካ ውሃው ከጠራ ይቆያል። ካልጠራ አፈር ይልበስ።» ይህን ሲሉ ወደ ኩሬዋ አላዩም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ነበር የሚያዩት።

እኔም እነሆ በዚያ በጋ የኩሬ ሂሳብ ሠራተኛ ሆንሁ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ የእኛም ሥራ አብሮ ሲዘጋ ሲከፈት ከርሟልና ጊዜ አልቸገረኝም።

ይህን አረንጓዴ የትምህርት ቤት መጻሕፍት አልጌ ይሉታል። በኩሬዋ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው በዓይን የማይለይ፣ በውሃው ውስጥ ተበትኖ ውሃውን ራሱን የሚያቀልም ነው፤ ሁለተኛው በሥነ ሕይወት ትምህርት ስፓይሮጂራ ብለን የሸመደድነውን የመሰለው፣ እንደ ክር እየተያያዘ የሚረዝመው ነው። ሁለቱም ሥር የላቸውም፤ ማንም አልዘራቸውም። የሚፈልጉት ብርሃን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ይህን ካገኙ ይበዛሉ፤ ካላገኙ ይከስማሉ።

ይህን ሳነብ ባንክ ቤት ያለሁ መሰለኝ። ውሃ ምንም አይፈጥርም፤ የተሰጠውን ያስቀምጣል እንጂ። ታዲያ ገቢ አድራጊው ማን ነው? ወረቀት ይዤ ግቢውን ዞርሁ። ከኩሬዋ በላይ በኩል የከብቶች ፍግ ተከምሯል፤ የክረምቱ ጎርፍ ያንን እያጠበ ያወርደዋል። የጠላ አተላ «ለዓሣዎቹ» ተብሎ ይደፋል፤ የጎረቤት ልጆች እንጀራ ይወረውራሉ፤ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎም አለ። ዓሣዎቹ የበሉትን መልሰው እዚያው ይጥሉታል። ገቢው ሞልቷል፤ ወጪ የሚባል ግን የለም። ለሃያ ዓመት ገቢ ብቻ የተመዘገበበት ደብተር አረንጓዴ ቢሆን ምን ይገርማል?

ሰዎች ምክር አላጡልኝም። አንዱ የመዳብ ሰልፌት ጨምርበትና በሦስት ቀን ይጠራል አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልጌውን ይገድለዋል። ነገር ግን መዳብ ለዓሣም መርዝ ነው፤ ዓሣው ከመርዙ ቢተርፍ እንኳ የሞተው አልጌ በአንድ ጊዜ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ጠርጎ ይወስደዋል። የኦክስጅንን ነገር በዓይኔ ያየሁት በኅዳር ወር አንድ ንጋት ላይ ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ተኩል ገደማ ወደ ጓሮ ስወጣ ዓሣዎቹ ሁሉ አፋቸውን ከውሃው ወለል ላይ ደቅነው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አልጌ በቀን ብርሃን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እርሱም እንደ ዓሣው ተንፋሽ ነው፤ ስለዚህ ውሃው እጅግ የሚደኸየው ሊነጋ ሲል ነው። ያን ዕለት በባልዲ ውሃ እየቀዳሁ፣ ከፍ አድርጌ መልሼ እያፈሰስሁ ፀሐይ እስክትወጣ ቆየሁ። ውሃ ከከፍታ ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባልና።

ክሩን የማውጣት ብልሃት ግን ከመጽሐፍ አልተገኘም። እኔ በሬክ ስጎትት እየተበጣጠሰ ሲያስቸግረኝ እማማ ከበረንዳቸው ሆነው ጥጥ እየፈተሉ ያዩኝ ነበር። ተነሥተው መጡና ረዘም ያለ ሻካራ እንጨት አንሥተው ጫፉን ውሃው ውስጥ ነከሩ፤ ከዚያም እንደ እንዝርት አሾሩት። አረንጓዴው ባዘቶ እየተጠመጠመ፣ እየወፈረ መጣ። «ጥጥን የሚጎትት ማን አለ ልጄ? ጥጥ ይዞራል እንጂ» አሉኝ። ፈትለው ሲያበቁም የወጣውን ለአንድ ሌሊት ኩሬዋ አፋፍ ላይ አኖርነው፤ በውስጡ የተያዙት ነፍሳት ወደ ውሃቸው እንዲመለሱ። በማግስቱ ራቅ አድርገን ከጎመን መደቡ ሥር ቀበርነው። አፋፉ ላይ በስብሶ ቢቀር ፍሳሹ ተመልሶ ወደ ኩሬዋ ይገባ ነበር፤ ያም ገንዘብን ከአንድ ደብተር ወደ ሌላ አዛውሮ ያንኑ መልሶ ማስገባት ነው።

ገቢውንም ቀነስን። ፍጉ ወደ ታች ተዛወረ፤ ከኩሬዋ በላይ ጎርፍ የሚመልስ ትንሽ ቦይ ተቆፈረ፤ አተላው ቀረ። ለዓሣዎቹ የምንሰጠው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ብቻ ሆነ። በስተምዕራብ ዳርም ቄጠማ ተከልን፤ ሥሩ የአልጌውን ምግብ ይሻማል፣ ቅጠሉ ብርሃኑን ይጋርዳል።

ገብስም አለ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያጠኑት ነገር ነው፦ የገብስ ጭድ አየር ባለበት ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲበሰብስ አዲስ አልጌ እንዳያድግ የሚገታ ነገር ይለቅቃል። ያለውን አይገድልም፤ የሚመጣውን ይከለክላል እንጂ፤ ውጤቱም በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። መጠኑ ለአንድ ካሬ ሜትር እስከ ሃምሳ ግራም ነው፤ ለእኛ ኩሬ አንድ ኪሎ ማለት ነው። የጮቄ ግርጌ ሰው ጭድ ይቸግረዋልን? በሽንኩርት ከረጢት ላላ አድርገን ሞልተን ከውሃው ወለል ሥር አንሳፈፍነው። ጎረቤቶቻችን «ዓሣ ጭድ ይበላል እንዴ?» እያሉ ሳቁብን።

በጥር መጨረሻ አንድ እሑድ መንገዱ ሰላም ሲሆን ወደ ሰባራ ድልድይ ወረድሁ። በዐፄ ፋሲል ዘመን ጎጃምን ከቤጌምድር ያገናኝ የነበረው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉ የተቆረጠው የዓባይ ድልድይ ማለቴ ነው። ሰዉ ለረጅም ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ክፍተቱን ይሻገር ነበር፤ በኋላ ግን ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት። በክረምት ዓባይ እዚህ ሲደርስ አፈር ተሸክሞ ቡና መስሎ ያልፋል፤ ብርሃን ስለማይገባው አረንጓዴ አያበቅልም። በበጋ ግን ውሃው ሲጎድል በዳርና ዳር ባሉት የዐለት ጉድጓዶች ውስጥ ያንኑ የጓሯችንን ክር አየሁት። ደነገጥሁ። እኛ የተውነው፣ ከየማሳችንና ከየደጃችን የታጠበው ሁሉ መሄጃው ወዴት ነው?

ይህ ወንዝ ከጣና የመጣ ነው። በጣና ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የምናውቀው ሌላ አረንጓዴ ተኝቷል፤ እምቦጭ። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ አበባው ሐምራዊ ነው፣ ውብም ነው። ስንት ሺህ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው! ማሽን መጣ፣ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምትም ትልቅ ዘመቻ ተደረገ። ያ ሁሉ ድካም ክቡር ነው። ግን መንቀል ወጪ ብቻ ነው። ከተራሮቹ የሚታጠበው አፈር፣ ከማሳው የሚተርፈው ማዳበሪያ፣ ከከተሞቹ የሚለቀቀው ፍሳሽ ገቢ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ የሐይቁ ደብተር አይዘጋም። እንክርዳዱ ባዕድ ነው፤ ቀለቡ ግን የእኛው ነው።

በዚያ ምሽት ቤቴ ገብቼ እነዚህን ስንኞች ጻፍሁ፦

አረንጓዴ ዕዳ፣ በውሃ ላይ ያደረ፣
የሰጠነው ሁሉ፣ ተቆጥሮ የቀረ፤
ማን አመጣው ስንል፣ ጎንበስ ብለን ብናይ፣
የራሳችን ፊት ነው፣ የሚታይ ከላይ።

አረንጓዴው ሁሉ ግን ጠላት አይደለም። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ደቂቅ ፍጥረት ነው፤ ተመራማሪዎች እዚያ የለኩት የብርሃን አስተጻምሮ በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ይቆጠራል። በአንጻሩ በቆቃ የሚበቅለው ዓይነት መርዝ ያመነጫል፤ ሰውንም ከብትንም ይጎዳል። ቆሮሶ ደግሞ በተፈጥሮው አልጌ በል ነው፤ ፍጹም የጠራ ውሃ ለእርሱ ባዶ ሞሰብ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «እንዴት አጠፋዋለሁ?» ሳይሆን «ምን ያህሉ ይበቃል?» ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1865 አንጀሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነጭ ሰሃን በገመድ ባሕር ውስጥ እያወረደ፣ እስከሚሰወርበት ድረስ ያለውን ጥልቀት የውሃ መጥሪያ መለኪያ አደረገው። ዓሣ አርቢዎች ደግሞ ክንዳቸውን ይነክራሉ፤ ውሃው ክርን ሳይደርስ መዳፍህ ከተሰወረብህ አረንጓዴው በዝቷል፤ ክርንህ ድረስ ነክረህ ጣቶችህ ወለል ብለው ከታዩህ ደግሞ ለቆሮሶ ቀለብ አንሶታል።

ፋሲካ ደረሰ። ኩሬዋ እንደ ምንጭ አልጠራችም። በስቅለት ማግስት፣ በቀዳም ሥዑር ጠዋት፣ እማማ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተንበረከኩና ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱት። ዓሣዎቹ መጥተው ጣቶቻቸውን ነካኩ።

«እጄ ይታየኛል፤ ጣቶቼን ግን ጭጋግ ውስጥ እንዳሉ ነው የማያቸው» አሉ። «ይህ ጠራ ይባላል?»

«አይባልም እማማ። ጤነኛ ግን ነው» አልኋቸው።

ምንም አልመለሱልኝም። ማጭዳቸውን አመጡና ከዳር የበቀለውን ቄጠማ ማጨድ ጀመሩ። ያ ቄጠማ ከኩሬዋ ውስጥ የወጣ ፍግ፣ አተላና እንጀራ ነው፤ ከደብተሩ ወጪ የሆነ አረንጓዴ። ግማሹ ለበዓሉ ጉዝጓዝ ተቀመጠ፤ ግማሹን ታቅፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ ካህናቱ ለምእመናን እንዲያድሉት። የጥፋት ውሃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረው የርግቢቱ ለምለም ነውና በዚያ ቀን ቀጤማ በራስ ላይ ይታሰራል።

ሲመለሱ በግንባራቸው ላይ አረንጓዴ ክር ታስሯል። ስልኩ ጮኸ፤ የበኩር ልጃቸው ነበር። እንኳን አደረሰህ ተባባሉ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ መንገዱ ተጠያየቁ። በመጨረሻ ስለ ኩሬው ሳይጠይቃቸው አልቀረም፤ እማማ ጥቂት ዝም ብለው፣

«አልጠራም ልጄ» አሉት፤ «ግን የአባትህ ዓሣዎች ገና እየበሉ ነው። እነርሱ እስኪጨርሱ እንተወው።»