ሕመም የማታውቀው ታማሚ

ነርስነት የምትማረው ታናሽ እህቴ፣ ትምህርት ቤቷ ለቤተሰብ በሩን በከፈተበት ዕለት የመለማመጃ ክፍላቸውን አሳየችኝ። ሦስት አልጋ፣ ነጭ አንሶላ፣ የግሉኮስ መስቀያ፤ በአልጋዎቹ ላይ ደግሞ ከጎማና ከፕላስቲክ የተሠሩ ሰዎች ተጋድመዋል። እህቴ እጇን ታጥባ ጓንት አጠለቀችና ወደ አንዷ አሻንጉሊት ጠጋ ብላ፣ «እንደምን አደሩ እማማ፤ ተማሪ ነርስ ነኝ። ክንድዎን ልይልዎት?» አለቻት።

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «ሰላም ሳልል ከጀመርሁ ነጥብ ይቀነስብኛል» አለችኝ።

ክንዱን በላስቲክ አሰረች፤ ደም ሥሩን በጣቷ ፈለገች፤ ወጋች። ሳተችው። «ይቅርታ እማማ።»

እንዲህ ያለው ትምህርት የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ የሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ የሰው ቁመት ያላት አሻንጉሊት አሠርቶ ነበር፤ በሠሪዋ በማርታ ቼዝ ስም «ሚስስ ቼዝ» ተባለች። እ.ኤ.አ. በ1960 ኖርዌያዊው አስሙንድ ላርዳል በአፍ ትንፋሽ መስጠትን ለማስተማር የሠራት «አን» ደግሞ፣ መልኳ የተቀዳው ፓሪስ ውስጥ ከሴን ወንዝ ሞታ ወጣች ከምትባል ስም የለሽ ልጃገረድ የፊት ቅርጽ ነው። ማንም ያልደረሰላት ልጅ፣ ስንቱን ሰው ለሌላው መድረስን አስተማረች!

አባቴ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ አንዲት ተለማማጅ ነርስ ደም ሥሩን ፍለጋ አራት ጊዜ ወጋችው። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንዲት ቃል አልወጣትም። አባቴ «ግድ የለም ልጄ፤ ቀስ በይ» ይላታል፤ እኔ ግን ጮኽሁባት። በዚያው ሳምንት ዐረፈ። ምክንያቱ መርፌው አልነበረም፤ ያኔም ይህን አውቅ ነበር። ኀዘን ግን ተጠያቂ ይሻል፤ እኔም ልጅቱን አገኘሁ። ግጥም ጻፍሁባት።

ባንክ ስቀጠር ብር መቁጠር የተለማመድሁት በብር ልክ በተቆረጠ ባዶ ወረቀት ነበር። ስሳሳት ከማንም ኪስ አልጎደለም። ለዚያች ልጅ ባዶ ወረቀት የሰጣት ሰው ይኖር ይሆን? ወይስ የመጀመሪያ መለማመጃዋ የአባቴ ክንድ ነበር? ያን ቀን ይህን መጠየቅ አልታየኝም።

እህቴ ዳግመኛ ወጋች። ቀዩ ውሃ በቱቦው ውስጥ ብቅ አለ። ክንዱን በፕላስተር አሽጋ ዳበስ አደረገችው፤ «ጨረስን እማማ፤ አይዞዎት።» በዚህ ጊዜ አልሳቅሁም።

ማታ የድሮ ደብተሬን አውጥቼ ያን ግጥም አነበብሁት። ቤት ይመታል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። ልቀደው አሰብሁና ተውሁት። ከመጨረሻው ስንኝ በታች ቤት የማይመታ አንድ መስመር ብቻ ጨመርሁበት፤

«ግድ የለም ልጄ፤ ቀስ በይ።»