ቀይ ባሕርን በመስተዋት ገንዳ

ልጆች ባሉበት ቤት በቴሌቪዥን የባሕር ውስጥ ፊልም በታየ ቁጥር የሚከተለውን ጥያቄ ሳያውቁት አይቀሩም። ብርቱካንማው ዓሣ ነጭ መቀነት ታጥቆ፣ ቢጫውና ሰማያዊው እንደ ቀሚስ ጥለት ተሰባጥሮ በኮራል ድንጋይ መካከል ሲሽሎከሎክ ያየ ልጅ፣ «እኛስ ቤት ለምን አይኖርም?» ማለቱ የማይቀር ነው። በእኔም ቤት የሆነው ይኸው ነው። የምንኖረው በወረታ ስለሆነ ባሕሩ ሩቅ፣ ጣና ግን ቅርብ ነው። ጨው በሌለው ውኃ የባሕርን መልክ ማምጣት ይቻላል ወይ? ቢቻልስ በፎገራ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ገንዳ ማኖር ምን ጥንቃቄ ይጠይቃል? ሁለቱንም ጥያቄዎች እንመልከት፤ እንደ እኔ አስተያየት ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ስለ ጨው አስቀድመን እናንሳ። አንዳንድ ሰው ውኃው ላይ ጨው ቢነሰነስ ባሕር የሚሆን ይመስለዋል። በውቅያኖስ ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይገኛል፤ ቀይ ባሕር ሙቀቱና ትነቱ ብዙ ስለሆነ ወደ 40 ግራም ይጠጋል። 100 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ ይህ 4 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። የወጥ ቤት ጨው ደግሞ ብቻውን የባሕር ጨው አይደለም፤ በባሕሩ ውስጥ ማግኒዝየሙም፣ ካልሲየሙም፣ ሌላውም በየልኩ አለ። በዚህ ላይ ኮራል ራሱ ሕይወት ያለው ፍጥረት በመሆኑ ብርቱ መብራትና ቀንና ሌሊት የማያቋርጥ የውኃ እንቅስቃሴ ይሻል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ አንድ ደመወዝተኛ ቤተሰብ ይህን ልሞክር ቢል ገንዘቡንም ዓሣውንም ያጣል። ስለዚህ ጨውን ለወጥ እንተወውና መልኩን ብቻ እንከተል።

ባሕር ባሕር የሚያሰኘው በአብዛኛው ዓይን የሚያየው ነው። ከኋላው ሰማያዊ፣ ከታች ነጭ፣ በመካከሉ ዋሻ ዋሻ ያለው ድንጋይ፣ ከዚያም ጎላ ያለ ቀለም ያላቸው ዓሣዎች። ለሰማያዊው ውድ ነገር አያስፈልግም፤ ለደንብ ልብስ የሚሆን ሰማያዊ ጨርቅ ከገንዳው ውጭ፣ በጀርባው መስተዋት ላይ መለጠፍ ይበቃል። ቅጠላ ቅጠል አይግባ፤ በኮራል መካከል ቅጠል አይታይምና ገንዳው ወዲያው የወንዝ መልክ ይይዛል። አሸዋው ግን ያስቸግራል። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ ስለሚነሡና የተራራውም ድንጋይ ጥቁር ስለሆነ፣ ይዘውት የሚወርዱት አሸዋ ጠቆር ያለ ነው። በምትኩ የእብነ በረድ ስብርባሪ ከተገኘ በደንብ ታጥቦ ቢነጠፍ ነጭ ሆኖ ያበራል። አንድ ድንጋይ የኖራ ጠባይ እንዳለው ለማወቅ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርገው ይመልከቱ። አረፋ ከደፈቀ አለው ማለት ነው፤ ቀስ እያለ ውኃውን ያከብደዋል። ይህ ለአንዱ ዓሣ መድኃኒት፣ ለሌላው ጉዳት ነው። ለዋሻው ከተሰበረ እንስራ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ቅቤ ወይም ዘይት ያልነካው መሆን አለበት እንጂ፣ ስባሪው ተገልብጦ ሲደራረብ ከሩቅ ኮራል ይመስላል። ጎረቤታችን እትዬ አይተው፣ «እንስራው ሲሰበርም ውኃ አልተለየውም» ብለው ስቀዋል።

አሁን ወደ ዓሣዎቹ እንምጣ። ጨው በሌለው ውኃ ከሚኖሩት መካከል የባሕር ዓሣን በቀለም የሚወዳደሩት በማላዊ ሐይቅ ድንጋዮች መካከል የሚኖሩት፣ ምቡና የሚባሉት ናቸው። ቢጫ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ በጥቁር የተሰነተረ አለ። የኖራ ጠባይ ያለው ውኃ ይስማማቸዋል፤ እብነ በረዱም የሚጠቅመው ለእነርሱ ነው። የሚገርመው ዝምድናቸው ነው። በባሕር ዳር ገበያ ተጠብሶ የሚቀርብልን ቆሮሶና እነዚህ ጌጠኞች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ዘንድ እናቲቱ ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። የማላዊዋ ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ ጉንጯ አብጦ፣ ምግብ ሳትቀምስ ትቆያለች። የሥራ ፈቃድ የማያሻት የወሊድ ጊዜ ይሏል ይህ ነው። ወንዶቹ ግን ጠበኞች ስለሆኑ መሸሸጊያ ድንጋይ መብዛት አለበት። ምግባቸውም በአብዛኛው ዕፅዋት ነው፤ ሥጋ ቢበዛባቸው ሆዳቸው ተነፍቶ ይሞታሉ።

ምቡና ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሙቀት ስለሚፈልጉ ማሞቂያ ያስፈልጋቸዋል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ይቀዘቅዛቸዋል። ለማሞቂያ የማይመች ቤት ከሆነ ወርቃማ ዓሣ ይሻላል። ብርቱካንማና ነጭ የሆነው ሰማያዊ ጨርቅ ፊት ሲያልፍ ልጆችን የሚያስደስተው ከፊልሙ ዓሣ ባልተናነሰ ነው። ሆኖም ይህ ዓሣ ያድጋል፤ ጠባብ ብርሌ ውስጥ መክተት ግፍ ነው። ከምቡና ጋር ደግሞ በፍጹም አይደባለቅም።

ዓሣ ከመግዛትዎ በፊት ገንዳው ከ4 እስከ 6 ሳምንት መቆየት እንዳለበት ብዙ ሰው አያውቅም። የዓሣ እዳሪ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያም ይገድላል። ይህን ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡት በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። እንዲራቡም በባዶው ገንዳ ውስጥ በየቀኑ ትንሽ የዓሣ ምግብ ጣል ይደረጋል። ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ ማጠብ ባክቴሪያዎቹን መግደል ስለሆነ፣ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ብቻ ያለቅልቁት። የቧንቧ ውኃም ክሎሪኑ እንዲተን አንድ ሁለት ቀን በባልዲ ተከፍቶ ይደር። መብራት ሲጠፋ በኩባያ ውኃውን እየቀዱ ከፍ አድርጎ መመለስ ለዓሣው ትንፋሽ ይሰጠዋል፤ ይህን ሥራ ለልጆች ይተዉላቸው፣ ይሻሙበታል።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ባለፈው ክረምት ሥራ ተዛውራ ከከተማችን የምትሄድ አንዲት ወዳጄ፣ ዓሣዎቿን የምታደርስበት አጥታ፣ «ለነፍሳቸው ብዬ ርብ ልልቀቃቸው» አለችኝ። ርኅራኄዋ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን በሐምሌና በነሐሴ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ሜዳውን እስከ ሩዝ ማሳው ድረስ የሚያለብሱት መሆኑን እናውቃለን። በዚህ ጊዜ ከደጃችን ቦይ የገባ ነገር ሁሉ አድራሻው ጣና ነው።

ጣና ደግሞ እንደ ማንኛውም ሐይቅ አይደለም። ዝቅ ብሎ የሚገኘው 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የታችኛውን ዓባይ ዓሣዎች ወደ ላይ እንዳይወጡ ስለከለከላቸው፣ በሐይቁ ያሉት ለብቻቸው ኖረው ተለዋውጠዋል። ላቤኦባርበስ ከሚባለው ወገን ብቻ ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት ጉማራን በመሰሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው በጠጠሩ ላይ ዕንቁላል ይጥላሉ። ወርቃማ ዓሣ በዚያ ቢለቀቅ ጭቃውን እየቆፈረ ውኃውን ያደፈርሳል፣ የሌላውንም ዕንቁላል ይለቅማል።

ይህ ከንቱ ፍርሃት ነው የሚል ካለ እንቦጭን ያስታውስ። ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን የዞረው ወይን ጠጅ አበባው ስላማረ፣ ሰዎችም ለኩሬ ጌጥ ስለወሰዱት ነው። በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ የፎገራና የአካባቢው ገበሬ፣ ተማሪውም ሠራተኛውም ከወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የብዝኀ ሕይወት ክልልነት ቢመዘገብም መዝገብ አረም አይነቅልም።

ስለዚህ የወዳጄን ዓሣዎች እኔ ተረከብኩ። እርስዎም ገንዳ ሲገዙ፣ አንድ ቀን ቢቸግርዎ የሚረከብዎትን ሰው አስቀድመው ያስቡ። ለመዋቢያ ሲባል ተንሳፋፊ አበባ ከማንም አይቀበሉ፤ የጉማራን ጫጩትም ልጆች በጣሳ አጥምደው እንዲያመጡ አይፍቀዱ። የሞተውን ዓሣ ይቅበሩት። በየሳምንቱ ከገንዳው ሩብ ያህሉ ውኃ ሲለወጥ ወደ ቦይ አይደፋ፤ ለጓሮ አትክልት ፍቱን ማዳበሪያ ነው። የእኔ ቃሪያና ጎመን ዘንድሮ የያዙትን መልክ አይተው፣ እትዬ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ማሰሯቸውን ይዘው ብቅ ማለት ጀምረዋል።