በምሥራቅ እገሌ

ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብላ ባለች ሻይ ቤት የክረምት ዝናብ ከአንድ ሽማግሌ ጋር አንድ ጠረጴዛ አስያዘን። ከጋቢያቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ላስቲኩ በክር ሁለት ጊዜ ታስሯል፤ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት። የመሬት ይዞታ ደብተራቸው ነው። ዝናብ እንዳልነካው ቅጠል በቅጠል ገልጠው አዩና መልሰው ዘጉት።

«ከየት መጡ አባቴ?»

«ከጎጃም። ለሰበር ችሎት ነው የመጣሁት፣ ልጄ።»

ክርክሩ የባሕር ዛፍ ነው። እሳቸውና ጎረቤታቸው ከዓመታት በፊት በሽማግሌ ፊት ተስማምተው ነበር፤ ከድንበሩ ግራና ቀኝ ሃያ ሃያ እርምጃ ድረስ ባሕር ዛፍ ላይተከል። ጎረቤትየው ቃሉን ጠብቆ ኖረና አረፈ። መሬቱን የወረሰው ልጅ ግን ድንበሩን ተከትሎ ተከለ። አሁን ዛፉ ከቤት ጣሪያ በላይ ሆኗል፤ በዚያ በኩል ያለው ጤፍ እየቀጨጨ ሄዶ ከነአካቴው መብቀሉን ትቷል። ልጁ ሲጠየቅ «ቃሉ የአባቴ ነው እንጂ የኔ አይደለም» አለ።

«ቃሉስ የመሬቱ ነው» አሉኝ። «አባቱ ሞተ፤ መሬቱ ግን አልሞተም።»

ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የገባው ለዚህችው ለአዲስ አበባ ነበር፤ የማገዶና የቤት እንጨት አልቆ ከተማዋ ልትነቀል ስትል ያተረፋት እሱ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ገጠር ወርዶ፣ ዛሬ ደግሞ ባላጋራዎችን ወደዚህ መልሶ ያመጣል። በድሮ አራዳ ሁለት ተሟጋቾች የኩታቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ ነበር ዳኛ ፍለጋ የሚሄዱት። አንዱ ሲቸኩል ሌላው ይጎተታል፤ አንዱ ሲደክመው ሁለቱም ይቀመጣሉ።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገለጥሁ። ሽማግሌው ያሉት ነገር ከ1359 ጀምሮ ባሉት ቁጥሮች ውስጥ አለ፤ ሕጉ «የንብረት አገልግሎት» ይለዋል። ለአንዱ መሬት ጥቅም ሲባል በሌላው መሬት ላይ የሚጣል ግዴታ ነው። ባለመሬቱ አንድም ጎረቤቱ ሲጠቀም ይታገሣል፣ አንድም ራሱ ማድረግ ይችል የነበረውን ነገር ይተዋል። ሰው ቢለዋወጥም ግዴታው ከመሬቱ ጋር ይቀራል። መታገሥና መተው! ጉርብትናን በዚህ ልክ አሳጥሮ የነገረኝ ሰው የለም።

ችግሩ ወዲህ ነው። ያው ሕግ 1723 ላይ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል፤ የሽማግሌው ስምምነት ደግሞ በምርቃት እንጂ በወረቀት አልታሰረም። ሁለተኛም ሕጉ የተጻፈው መሬት በግል ይያዝ በነበረበት ዘመን ነው። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። ባለይዞታ ባለቤት ባልሆነበት መሬት ላይ የልጅ ልጁን የሚያስር ቃል መግባት ይችላል ወይ? እኔ ይችላል ባይ ነኝ። ሃያ ዓመት የተከበረ ቃል ሃያ ዓመት ከታረሰ መሬት አያንስም።

እንዲህ የምለው ያደግሁበትን ግቢ እያሰብሁ ነው። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ፣ ስድስት አባወራ በአንድ በር የምንገባበት የቀበሌ ቤት ነበር። በእኛ በኩል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ስለሆነ አንድ ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም። አያቴ ሲያርፉ አስከሬናቸው በዚያ መውጣት አልቻለም። ጎረቤታችን ማንም ሳይጠይቃቸው አልጋቸውንና ቁም ሣጥናቸውን ወደ ጥግ ገፉ፤ የኋላና የፊት በራቸውን ከፈቱ። ሬሳ ሳጥኑ በሳሎናቸው መሐል፣ በተነጠፈው ቄጤማ ላይ አለፈ። ከዚያ በኋላም ግቢው ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር መንገዱ በእሳቸው ቤት ሆነ። እሳቸው አርፈው ልጃቸው ቤቱን ሲረከብ ቁም ሣጥኑን እዚያው ጥግ ተወው እንጂ ወደ ቦታው አልመለሰውም። ማንም ምንም አልፈረመም።

በ2016 ሠፈሩ ሲፈርስ ቀያሾቹ ሜትራቸውን ዘርግተው ወለሉን ለኩ። ያ መንገድ በየትኛውም ፕላን ላይ አልነበረም። ያገሬው ሰው ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ከተማው ዳር ተበተነ፤ አሁን ሰው ሲሞትበት በማን ሳሎን እንደሚያልፍ እንጃ።

ወደ ሻይ ቤቱ ልመለስ። ሽማግሌው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ደብተሩን እንደገና ገልጠው አሳዩኝ። አዋሳኞቹ በአራቱም አቅጣጫ ተጽፈዋል፤ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ መንገድ፣ በምዕራብ አንድ ሰው። በምሥራቅ ያለው የዚያ የሟች ስም ነው። መሬታቸው የት እንደሚያበቃ የሚያውቀው ወረቀት የሚያውቀው በጎረቤታቸው ነው። ጣታቸውን ስሙ ላይ አድርገው ጥቂት ቆዩ።

«ደግ ሰው ነበር» አሉ።

ይኼኔ አንድ ጎልማሳ ጃንጥላ ይዞ ብቅ አለና ከበሩ ሳይገባ «አባባ፣ እንዳይረፍድብን» አላቸው። ልጃቸው መስሎኝ ብድግ አልሁ።

«ተከራካሪዬ ነው» አሉኝ፣ ክሩን መልሰው እየቋጠሩ።

በአንዲት ጃንጥላ ሥር ሆነው ዳገቱን ወጡ። እሱ እርምጃውን በሳቸው ልክ አሳጥሮ፣ ጃንጥላዋን ወደሳቸው አዘንብሎ ነበር፤ አንድ ትከሻው ዝናብ ይመታው ነበር።