አንኮበርና የዝርዝር ገንዘብ ችግር

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ አንኮበር ይደርሳል። ደጋው በዚያ ድንገት ያበቃል፤ ከቤተ መንግሥቱ ፍራሽ ኮረብታ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱ የአፋር ቆላ በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። ከባሕር ጠረፍ የተነሣው ነጋዴ አልዩ አምባ ገበያ ላይ ጭነቱን የሚያራግፈው ይህን ቁልቁለት ሲወጣ ነበር።

የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ በ1841 (እ.ኤ.አ.) ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በመጣ ጊዜ የሸዋ ገበያ በሁለት ገንዘብ ይሠራ ነበር። አንደኛው ከጠረፍ የሚመጣው ማርትሬዛ ብር ነው፤ ሁለተኛው ከሰሜን አፋር ተፈልጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው ነው። ማርትሬዛ 28 ግራም የሚመዝን ትልቅ ብር ስለ ሆነ፣ ጥቂት ቅቤ ወይም በርበሬ ለሚገዛ ድኻ አይመችም። ስለዚህ ዝርዝሩ አሞሌ ሆነ። ነገር ግን አሞሌ ዝናብ ያሟሟዋል፤ ጠርዙም በጉዞ ይሸራረፋል፤ ከማዕድኑ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። ጉዳቱ የሚያርፈው ምንጊዜም በትንሹ ገዢ ላይ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር መንግሥት በ1672 የመዳብ ሳንቲም እስኪያወጣ ድረስ ባለ ሱቆች የራሳቸውን የመዳብ ምልክት እየቀረጹ መልስ ይሰጡበት ነበር። በስዊድን ደግሞ በ1644 የወጣው ባለ 10 ዳለር የመዳብ ሰሌዳ ክብደቱ 20 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ኪስ ሳይሆን ጋሪ የሚፈልግ ገንዘብ ነው!

ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ብርን፣ አላድንና ሩብን በፓሪስ አስቀረጹ፤ 1889 ዓ.ም. የተጻፈበት የብር መቶኛም ከመዳብ ተሠራ። ሆኖም ሕዝቡ ማርትሬዛንና አሞሌን ቶሎ አልለቀቀም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ብሩ ቢቀልጥ ጌጥ ይሆናል፣ አሞሌው ቢፈጭ ለወጥ ይገባል፤ ትንሿ መዳብ ግን ያላት ዋስትና የመንግሥት ቃል ብቻ ነው። ይህን ቃል ማመን በአንድ አዋጅ የሚሆን አይደለም። 1936 ዓ.ም. የተጻፈባቸው የመዳብ ሳንቲሞች በየገበያው እስኪለመዱ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል።

ትንሿ መዳብ ቤሳ ትባል ነበር፤ ስሟ ከሕንዶች ፓይሳ ጋር ይዛመዳል። ዛሬ ከገበያ ብትጠፋም ከአፋችን አልጠፋችም፤ ደመወዝ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀር «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የማይል ጸሐፊ ወይም ተማሪ ማን ነው?