ናፍጣና ተልባ

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል። የእኔዋ ውሸት ግን ለማደርም አልታደለችም። በአንድ ሰው አውራ ጣት ላይ ተለጥፋ በዚያው ቀን ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ከሦስት ዓመት በፊት ሲያርፉ ነጭ ኮሮላቸውን ትተውልን ሄዱ። የ1988 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት ናት። በሕይወት ሳሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሳቸው አጥበው ጥላ ሥር ያቆሟት ነበር። ከእርሳቸው በኋላ ሊነዳት የደፈረ ስላልነበረ ግቢው መካከል ፀሐይ ላይ ተገትራ ቀረች። እናቴ ባለፈው ዓመት «ልጄ፣ ቆማ ከምትበላሽ ሽጣትና የቤቱን ቆርቆሮ እንቀይርበት» ስትለኝ ነው በወጉ ዞሬ ያየኋት።

ነጩ ቀለሟ ደህና ነው። ያረጀው ጥቁሩ ፕላስቲክ ነው። የፊትና የኋላ ፓራውልቷ፣ የስፖኪዮዋ ቤት፣ በበሮቿ ወገብ ላይ የተለጠፈው ሁሉ አመድ መስሏል። ደላላው አንዴ ገረፍ አድርጎ አያትና «ይቺን አጥቁርና ሃምሳ ሺህ ብር ጨምርባት» አለኝ። ምክሩን ተቀበልኩ። የሰፈራችን መኪና አጣቢ ልጅ በተቃጠለ ዘይትና በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ይዞ መጣና በሩብ ሰዓት ውስጥ ገና ከፋብሪካ የወጣች አስመሰላት።

ከሰዓት በኋላ ገዢ መጣ። ቁጥብ ሰው ነበር። ዞራት፣ ጎንበስ አለና አውራ ጣቱን ፓራውልቱ ላይ አሸት አደረገ። ጣቱን አየው፤ አሸተተው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«እዚህ ላይ ናፍጣ ከተቀባ ሞተሩ ላይስ ምን ተቀብቶ ይሆን?» አለና እናቴ የቀዳችለትን ቡና ሳይጨርስ ሄደ።

እናቴ ምንም አላለችም። ሲኒውን ስታነሳ ግን «እንኳን አባትህ አላዩ» አለች። በማግስቱ ዝናብ ጣለ፤ ጥቁሩ ነጩን ቀለም እየተከተለ ወረደ።

አፍሬ ወደ አንድ አዛውንት የጋራዥ ባለሙያ ሄድኩ። «ልጄ፣ ይህ እድፍ አይደለም፤ ሽበት ነው» አሉኝ። ነገሩን ኋላ ላይ አንብቤ ስረዳው እውነታቸውን ነበር። እንዲህ ያለው ፓራውልት በአብዛኛው የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ፓራውልትና ስፖኪዮ የሚሉትን ስሞች ከጣሊያንኛ እንደወረስን ሁሉ፣ ይህንንም ፕላስቲክ በ1954 (እ.ኤ.አ.) በቤተ ሙከራው ያበጀው ጣሊያናዊው ኬሚስት ጁሊዮ ናታ ነው። ጥቁረቱን የሚሰጠው ጥላሸት ነው። ጥላሸቱ ቀለም ብቻ ሳይሆን ጥላም ነው፤ የፀሐይን ጨረር ይመክታል። ግን ስንቱን ይመክት? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ የአልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። ጨረሩ የፕላስቲኩን ገጽ ይሰባብረዋል፤ ዓይን የማያያቸው ስንጥቆች ብርሃኑን ሲበትኑት እኛ አመድ እናያለን። ፓራውልቱ ሲታጠብ ጠቁሮ ሲደርቅ የሚነጣው ለዚህ ነው። ውሃው ስንጥቁን ይሞላዋል፤ ከዚያ ተንኖ ይከዳዋል። ናፍጣም ከመክዳቱ በፊት አቧራ መጋበዙ ካልሆነ በቀር ከውሃው አይሻልም።

«ታዲያ ጋሼ፣ መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«ተልባ።»

ያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። ግን ሠዓሊዎች ቀለማቸውን የሚለውሱበት የተልባ ዘይት አይተንም፤ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል። ከቀለም መሸጫ ሱቅ አንድ ጠርሙስ ገዝቼ ስገባ እናቴ «ለፍልሰታ ያስቀመጥኩትን ተልባ እንዳትነካብኝ!» አለችኝ።

መጀመሪያ ናፍጣውን በሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጌ አወጣሁ። ጥላ ሥር ሙሉ ቀን አደረቅኋት። ከዚያ ዘይቱን በጨርቅ ስስ አድርጌ ቀባሁ፤ ጥቂት ቆይቼ የተረፈውን ወለወልኩ። ሁለት ቀን ጠብቄ ደገምኩ። ጨርቁን ጠቅልሎ ጥግ መወርወር ግን አደጋ አለው። ዘይቱ ሲደርቅ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ሽቦ ላይ ዘርግቼ ነው ያደረቅሁት።

ለማጽዳት የኋላውን ሰሌዳ ስፈታ ከሥሩ ፀሐይ ያልነካው ጥቁር አገኘሁ። አባቴ የገዟት ጊዜ ጥቁር ነው። የእኔ ተልባ አጠገቡ ሲታይ ደህና ነው፤ ግን እሱን አያህልም። ፀሐይ የወሰደችውን የሚመልስ ቅባት የለም። ያለውን መንከባከብ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ገዢ ሲመጣ ሳይጠይቀኝ ሰሌዳውን ፈትቼ አሳየሁት። «ይኼ የፋብሪካው ነው፤ ይኼኛው የተልባ ነው፤ በየጊዜው ካልደገምከው ይነጣል» አልኩት። ደላላው በንዴት ዞር አለ። ሰውየው አውራ ጣቱን ፓራውልቱ ላይ አሸት አድርጎ ጣቱን አየና «እስቲ ሞተሩን አስነሳው» አለኝ።

ደላላው ከተመኘው በሃያ ሺህ ብር ያነሰ ዋጋ ተሸጠች። ቆርቆሮው ተቀየረ። እናቴም ሰውየውን እስከ በረካው ድረስ ሳታስጠጣ አልለቀቀችውም።