ክረምት ሲገባ የሚመለሱት

በ1980ዎቹ መጨረሻ አንኮበር ላይ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የድኻ ልጅ የሚያስጠና ድርጅት አልነበረም። ክረምት ግን ነበረን። ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአለማያ፣ ከባሕር ዳር መምህራን ኮሌጅ የሚመለሱ ልጆች ጎረቤላ ላይ ከመኪና ይወርዳሉ። ጭጋጉ ጥቂት ክንድ እንኳ ወደፊት አያሳይም፤ የእከሌ ልጅ መምጣቱን ግን አገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ይሰማል። የእናታቸውን ገንፎ በልተው፣ ዘመድ ቤት ዞረው ሲያበቁ፣ ሁለት ሦስት ሆነው ወደ ትምህርት ቤቱ ዘበኛ ይሄዱና የአንድ ክፍል ቁልፍ ይለምናሉ። ከዚያ በኋላ ክረምቱ የእኛ ነው።

ሰሌዳው አሮጌ በር ነበር። ያለቀ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ይሰበርና ውስጡ ያለው ጥቁር ዱቄት ከቅጠል ጭማቂ ጋር ተለውሶ ይቀባዋል። ጠመኔ የምንገዛው ሳንቲም አዋጥተን ነው። መጽሐፍ ስለማይዳረስ የድሮ የማትሪክ ጥያቄ አንዱ ያነባል፣ ሌሎቻችን በደብተራችን እንጽፋለን፤ ሥዕል ያለበት ጥያቄ ሲመጣ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሒሳብ ያስተማረን የምህንድስና ተማሪ «ጋሼ፣ ይቺ አልገባችኝም» ያለውን ልጅ አይቆጣም። ይልቁንም ወደ ስድስተኛ ክፍል ትምህርት ይመለስና ክፍልፋይን ከመነሻው ይጀምርለታል፤ ሌሎቻችንም አፍረን ሳንጠይቅ የቀረነውን በዚያው እንማራለን። ለዚህ ሥራ የሚከፈለው ነገር አልነበረም። እናቶቻችን አንዳንዴ የገብስ ቆሎ በመሐረብ ቋጥረው ይልካሉ፤ እሱም ከእኛው ጋር ይቆረጥመዋል።

አሁን ነገሩ ስም አለው። ደብረ ብርሃን ላይ ማጠናከሪያ ትምህርት በዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ ይገባል፤ በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ባነር ተሰቅሎ ይከፈታል፤ አስተማሪዎቹ አንድ ዓይነት ካናቴራ ይለብሳሉ። ባለፈው ክረምት በአንዱ ማዕከል ገብቼ ስቀመጥ የትምህርቱ መጀመሪያ በስም ጥሪ፣ በፊርማና በፎቶግራፍ አለፈ። አስተባባሪዋን ስጠይቃት «ፎቶ ካልተያያዘበት ሪፖርቱ አይቆጠርልንም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ገንዘብ የሚሰጠው አካል ሩቅ ነው፤ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ማየት ይፈልጋል። ቅጹን ግን ተቀብዬ አነበብኩት። ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ሰዓት ይላል። ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ ገብቶት እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር የለውም።

ከአንኮበር የመጣን ብዙዎቻችን ዘጠነኛ ክፍል ስንደርስ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ደብረ ብርሃን ላይ ቤት እንከራይ ነበር። አራት ሆነን በአንድ ክፍል፣ ሁለት ሆነን በአንድ ባና። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደጅ ያደረ ውሃ ጠዋት በረዶ ሠርቶ ይገኛል። ስንቃችን በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ነው፤ ለገበያ የመጣ ዘመድ ሙሉውን ከረጢት አውርዶ ባዶውን ይወስዳል። አከራያችን ማታ 3 ሰዓት ሲሆን «ልጆቼ፣ በሉ እንግዲህ አጥፉ፤ የወሩ ሒሳብ እኔ ላይ ነው የሚመጣው» ይሉናል፤ አምፖሉን አጥፍተን ኩራዝ እንለኩሳለን።

በዚያች ክፍል ፊዚክስ ያስጠናን የነበረው ማትሪክ የወደቀ ልጅ ነው። ነጥቡ ሁለት አልሞላለትም። ቀን የቀን ሥራ ይሠራል፤ ማታ እጁን ታጥቦ ይመጣና ከእኛ ጋር ኩራዙን ከቦ ይቀመጣል። እሱን የጣለውን ጥያቄ እኛ እንዳንስተው ደጋግሞ ነግሮ አይጠግብም። ለምን እንደሚደክምልን የጠየቀው የለም፤ እሱም ያስረዳን ጊዜ ትዝ አይለኝም። ያለፈውም ልጅ፣ የወደቀውም ልጅ ከበታቹ ላለው ተማሪ ዕዳ እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ ያንን የምናውቀው ደግሞ ሲደረግ እያየን ስላደግን ነው።

ደብረ ብርሃን በ1999 ዓ.ም. የራሷን ዩኒቨርሲቲ አገኘች። ዩኒቨርሲቲ ሩቅ በነበረበት ዘመን ተማሪዎቹ ክረምት ክረምት እኛ ዘንድ ነበሩ። ዛሬ ግቢው ከተማው ውስጥ ነው፤ ተማሪዎቹ ግን ከመላ አገሪቱ ተመድበው የመጡ ስለሆኑ ዓመቱ ሲያልቅ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። እርግጥ ዩኒቨርሲቲው ለከተማው ልጆች ይዞት የመጣ ነገር አለ። በሳይንስና ቴክኖሎጂ (ስቴም) ማዕከሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በእጃቸው ነክተው ይማራሉ። እኛ አሲድና ቤዝን የምናውቀው በቃል ነበር፤ ሊትመስ ወረቀት ሲቀላ ያየ ከመካከላችን አልነበረም። አሁን የአስረኛ ክፍል ልጅ ሽቦ ቀጣጥሎ አምፖል ያበራል፤ ያልበራለት ደግሞ የተሳሳተበትን ፈልጎ ያገኛል። ይህን ያህል ነገር የድሮው ክረምት ሊሰጠን አይችልም ነበር። እንዲህ ዓይነት ቦታ የሚገባው ግን በአብዛኛው በውጤቱ የተመረጠ ተማሪ ነው። ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ እዚያም የለም።

ማትሪክ ወድቆ ያስጠናን የነበረውን ልጅ ቦታ ዛሬ ብፈልገው የማገኘው ኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ላይ ወይም ከተማዋ ውስጥ ካሉት የቢራ ፋብሪካዎች በአንዱ ነው። ደመወዝ አለው፤ ለእናቱ ይልካል። የእኛው አስጠኚ ይህን ዕድል ቢያገኝ በደስታ ይቀበለው ነበር። በፈረቃ የሚሠራ ሰው ግን ማታ ከልጆች ጋር የሚቀመጥበት ጉልበት አይተርፈውም።

የፈተናው ነገር ደግሞ አለ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. ብቻ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ኩረጃ ቆሞ እውነተኛው ውጤት መታየቱን እደግፋለሁ፤ ዓመታት ሙሉ የተደበቀ ሕመም ነው የታየው። በእኛም ጊዜ የሚያልፈው ጥቂት ነበር፤ ሆኖም ከአንኮበር በየዓመቱ አንድ ሁለት ሰው አይጠፋም ነበርና ክረምት ላይ የሚመለስ ነበረን። ዛሬ የማለፍ ዕድላቸው የሰፋው የአዳሪ ትምህርት ቤቶችና የከተማ የግል ትምህርት ቤቶች ልጆች ናቸው። አንድም ልጅ ካላለፈበት ትምህርት ቤት ሐምሌ ላይ ማን ይመለሳል? የውጤቱ ዜና በወጣ ቁጥር ስለ ዘንድሮው ፈተና እንነጋገራለን። አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ዜሮ ሲያመጣ ግን የከርሞዎቹን አስጠኚም አብሮ አጥቷል፤ ይህንን የሚያነሳ ሰው ብዙ አልሰማሁም።

ስለ ድሮ ስናገር ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ያ የክረምት ክፍል የወንዶች ክፍል ነበር። እህቶቻችን ከትምህርት መልስ ውሃ ይቀዳሉ፣ ኩበት ይጠፈጥፋሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ፤ ሳይመሽ ቤት መግባት አለባቸው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ከሁላችንም የምትበልጥ ልጅ ነበረች፤ ለክረምቱ ትምህርት አንድ ቀን አልመጣችም። በኋላ ጥር ላይ ተዳረች። የሰው ከብት የሚጠብቀውም ልጅ አልመጣም፤ ሐምሌ ሣር የሚያድግበት እንጂ ሰሌዳ የሚታይበት ጊዜ አልነበረም ለእሱ። ከሚያስተምሩት ጋር ዝምድና ወይም ጉርብትና የሌለው ደግሞ ክፍሉ መከፈቱን የሚሰማው አርፍዶ ነው። ደጉ ክረምታችን የሚያውቀውን ሰው ልጅ ነበር የሚያስተምር።

ባለፈው ክረምት በዚያ የደብረ ብርሃን ማዕከል የፊት ወንበሮቹን የያዙት ሴቶች ነበሩ። ቅዳሜ ለብቻቸው የሚሰጥ ማጠናከሪያ አላቸው፤ የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ የሚያገኙበት ትንሽ ክፍልም ተዘጋጅቶላቸዋል። ዳቦና ሻይ አለ፤ ምሳ ሳይበላ የመጣ ልጅ ጭንቅላቱን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ አይውልም። ከመካከላቸው አንዷ ከወለጋ ከተፈናቀሉት ናት። ያለፉት ዓመታት ጥቃት በአስር ሺህዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ደብረ ብርሃን አምጥቷል፤ እሷም ከቤተሰቧ ጋር ቻይና ካምፕ በሚባለው መጠለያ ትኖራለች። ትምህርቷ ተቋርጦ ስለቆየ የክፍሏ ልጆች በዕድሜ ያንሷታል። እንዴት እዚህ እንደገባች ስጠይቃት «እዚህ አገር የሚያውቀን ሰው አልነበረም፤ ብቻ መጥተው መዘገቡኝ» አለችኝ።

ፊርማና ስም ጥሪ የበዛበትን ያን መዝገብ ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን አየሁት። የጎረቤላው ክፍል መዝገብ አልነበረውም፤ ስለዚህ ማን እንደቀረ አያውቅም ነበር። ይህኛው ያውቃል። ዘመድ የሌላት ልጅ በመዝገብ ትገባለች፤ ሁለት ቀን ስትቀር መጠለያው ድረስ የሚጠይቃት ሰው ይሄዳል። እኛ በነበርንበት ክፍል ብትሆን ኖሮ ከነመኖሯም አናውቅም ነበር።

ከበታቻችን ላለው ተማሪ ያለብን ያ ዕዳ ከየት እንደመጣ አንዳንዴ አስባለሁ። በአብነት ትምህርት ቤት የበሰለው ተማሪ አዲስ ገቢውን ማስቀጸሉ የቆየ ሥርዓት ነው፤ መምህሩ አንድ፣ ተማሪው ብዙ ስለሆነ ሌላ መንገድ የለም። አባቴ ደግሞ ፊደል የቆጠረው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ማታ ማታ፣ ገና ጺም ካላበቀለ የከተማ ተማሪ ነው። ዘመቻው የመንግሥት ትእዛዝ ስለነበር ልጁ በፈቃዱ መጥቶ እንደሆነ አላውቅም። አባቴ ግን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ልጁን ሲያነሳ «መምህሬ» ይለው ነበር። ክረምት ላይ ከብቶቹን ራሱ እየጠበቀ እኔን ወደ ትምህርት የሚልከኝም ለዚያ ልጅ ብሎ ይመስለኛል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት ከከተማ ራቅ ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። መምህር ፈርቶ፣ ወላጅ ፈርቶ፣ ልጅ ከቤት ውሏል። መንገዱ ሲዘጋ የሚመለስ ተማሪ ቢኖርም አይደርስም፤ እናቱም ናልኝ አትለውም። ኢንተርኔትም አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ከተለቀቀ ወዲህ ማጠናከሪያው ቴሌግራም ላይ ገብቷል፤ ታትሞ ያልተዳረሰው የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ በስልክ ይነበባል፤ ጥያቄ በድምፅ ይላካል፣ መልስ በፎቶ ይመጣል። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር የሚኖር የአካባቢው ልጅ ሳይመጣ ማስተማር ችሏል፤ በእኛ ጊዜ የማይታሰብ ነገር ነው። ስልክ የሌለው ልጅ ግን የታላቅ እህቱን ስልክ የሚጠብቀው እስከ ማታ ነው፤ ማታ ደግሞ መብራት ላይኖር ይችላል።

ከማዕከሉ ከመውጣቴ በፊት አስተባባሪዋን ከዚህ ቀደም ያስተማሯቸው ልጆች የት እንደደረሱ ጠየቅኋት። መዝገቡ 12ኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ፈተናውን ያለፈው፣ ሬሚዲያል የገባው፣ ፋብሪካ የተቀጠረው ወይም የቀረው ልጅ ከዚያ በኋላ የፕሮጀክቱ ተማሪ አይደለም። «ዓምድ የለውም» አለች። ቀጥላ ግን ከጎን ወዳለው ክፍል ወሰደችኝ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ ያለ ካናቴራ፣ ለሁለት ተካፍለው ኬሚስትሪ ያስተምራሉ። ሁለቱም ከዚሁ ማዕከል አልፈው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ናቸው፤ ሰኔ ላይ ስልካቸውን ፈልጋ እሷ ናት የደወለችላቸው። የመኪናቸውን ከኪሷ ከፈለች፤ በጀቱ ለባነርና ለካናቴራ እንጂ ለእነሱ መመለሻ አልተያዘም።