በኮላ ድባ መንገድ ዘፈን ለምን ይቆማል?

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ጣና የሚወርድ መንገደኛ በአጭር ጉዞ ሁለት አገር ያያል። አንደኛው ከኋላው የሚቀረው ተራራማውና ነፋሻው የጎንደር አገር ነው፤ ሁለተኛው ከፊቱ እንደ ሰሌን ተዘርግቶ የሚጠብቀው የደምቢያ ሜዳ ነው። ኮላ ድባ የደምቢያ ዋና ከተማ ናት። ከጎንደር በስተ ደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ መንገዱም እስዋን አልፎ በጭዋሂት አድርጎ እስከ ጎርጎራ ወደብ ይዘልቃል።

የደምቢያ አፈር ጥቁር መረሬ ነው። በክረምት የእግረኛውን ጫማ ውጦ ያስቀራል፤ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እየሠራ ይደርቃል። ጤፉንና ሽምብራውን ያየ ሰው ስለ በረከቱ ይናገራል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ደምቢያ ሲባል ከሰብሉ አስቀድሞ ወባው ትዝ ይላቸዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ዓ. ም. በዚህ ሜዳ ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል፤ በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም ካስቸኰሉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው መቅሠፍት ነበረ። የኮሌጁም ተማሪዎች ሥራ ለመለማመድ ወደ ኮላ ድባ ጤና ጣቢያ ይወርዱ ነበር።

እኛ ዛሬ የምናወጋው ግን የሰውን ትኩሳት ሳይሆን የመኪናን ትኩሳት ነው፤ ያውም የሞተሩን አይደለም፤ የዘፈኑን ነው።

በዚህ መስመር ላይ ዘፈን የማያሰማ መኪና ማግኘት ያስቸግራል። ሚኒባሱም፥ አይሱዙውም፥ ሦስት እግሩ ባጃጅም እንደ አቅሙ ይዘፍናል። ተሳፋሪው ዘፈን ይመርጣል፤ ሾፌሩም ለተሳፋሪው ሲል ቴፑን ያሳምራል፤ ስፒከር ይጨምራል። እኔ በመጋቢት ወር የተሳፈርሁባት ሚኒባስ ከጎንደር ስትነሣ በ2015 ዓ. ም. መስከረም ያረፈውን የጎንደሩን ልጅ የማዲንጎ አፈወርቅን ዘፈን ታሰማ ነበር። አዘዞን አልፈን ሜዳው ሲጀምር ግን ድምፁ መጀመሪያ እንደ ጉንፋናም ሰው ሻከረ፤ ቀጥሎም ጭራሹን ጠፋ። የቴፑ መብራት እንደ በራ ነው፤ የዘፈኑም ደቂቃ ይቈጥራል፤ የጠፋው ድምፁ ብቻ ነው። ረዳቱ የቴፑን ግንባር በጥፊ መታው፤ ምንም አልተገኘም።

አንዲት ከኋላዬ የተቀመጡ አሮጊት፦ «ተወው ልጄ፥ ቆላው በርትቶበት ይሆናል፤ ይረፍበት» አሉ።

ሾፌሩም፦ «እውነትዎን ነው እማማ። ሁልጊዜም እዚህ ሲደርስ ነው» ብሎ መለሰ።

ይህ ቀልድ ቢመስልም ለሾፌሩ ቀልድ አልነበረም። አምፕሊፋየሩ በዓመት ውስጥ ሁለተኛው ነበር። የመጀመሪያው እንዲሁ እየጋለ ሲያስቸግረው የሸጠለት ሰው «ተቃጥሏል» ብሎ ሌላ ሸጠለት፤ አሁን ደግሞ ሦስተኛ እንዲገዛ ይመክረዋል። ከ2015 ዓ. ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ስለ ቆየ፥ በሥራ ቀን የተገኘ ገንዘብ ለጎማና ለዘይት እንኳ በጭንቅ ነው የሚበቃው።

ለመሆኑ ጥፋቱ የቆላው ነውን? ስሟን የሰማ ሰው ኮላ ድባን በረሃ አድርጎ ይገምት ይሆናል፤ ብዙዎችም ቆላ ድባ ብለው ይጽፏታል። ነገር ግን የጣና የውሃ ገጽ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ከተማዋም ከሐይቁ ከፍ ብላ ነው የምትገኘው። ስለዚህ እንደ ተለመደው አከፋፈል ወይና ደጋ ናት። ቆላ የምትሆነው ከጎንደር ሆኖ ቁልቁል ለሚያያት ሰው ነው። በእርግጥ በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐዩ ይከራል፤ በውጭ 30 ዲግሪ ሲሆን መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጡ ከ50 ዲግሪ ያልፋል። ደግሞም ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ፤ ሙቀትን ተሸክሞ የሚሄደው አየር ነው፤ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ በጅቡቲ ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ደገኛው አየር ቢቀዘቅዝም ሸክም ሲያነሣ ደካማ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን በደኅና የተገጠመ አምፕሊፋየር በደምቢያ ሙቀት አይሸነፍም።

ኮላ ድባ ስንደርስ ሾፌሩ በመንገድ ዳር ወደሚሠሩ አንድ ሸምገል ያሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ዘንድ ወሰደን። «ጋሼ፥ እባክዎ ይዩልኝ» አለ። ሰውዬውም ቴፑን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። መጀመሪያ የጠየቁት «የት ነው ያስቀመጥኸው?» ብለው ነው። ከፊተኛው ወንበር ሥር መሆኑን ሲነግራቸው ሳቁ። በእንዲህ ያለው ሚኒባስ ሞተሩ ያለው ከፊተኞቹ ወንበሮች በታች ነው፤ አምፕሊፋየሩም በምንጣፍ ተጠቅልሎ ከሞተሩ ክዳን ጎን ተወሽቋል።

በዚህ ላይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አምፕሊፋየር ከባትሪ የሚወስደውን ኃይል ሁሉ ድምፅ አያደርገውም። ኤቢ የሚባለው የቀድሞው ዓይነት በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ እንኳ ከ100 እጅ 60 እጅ ያህሉን ብቻ ለስፒከሩ ይሰጣል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ከ80 እስከ 90 እጅ ያደርሳል። ጀርባው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሸነሸነ አሉሚኒየም የሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ሙቀቱን ለአየር እንዲያስረክብ። ሙቀቱ 80 ወይም 90 ዲግሪ ሲደርስ እንዳይቃጠል ራሱን ይዘጋል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። እንግዲህ በሜዳው መግቢያ የጠፋው ዘፈን ተቃጥሎ አልነበረም፤ ነፍሱን ለማዳን ዝም ብሎ ነበር። ትኩሳት በሽታውን እንደሚናገር እንጂ ራሱ በሽታው እንዳልሆነ ከደምቢያ ሰው ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ሻጩ ግን ለትኩሳቱ አዲስ ሰውነት ግዛ አለው።

የሙቀት ነገር ከመኪና ራዲዮ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1930 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሞቶሮላ የተባለው የመኪና ራዲዮ በአሜሪካ ሲወጣ በውስጡ የነበሩት ቱቦዎች እስኪግሉ ድረስ ካልሞቁ አይናገሩም ነበር። በ1955 ያለ ቱቦ በትራንዚስተር ብቻ የሚሠራ ራዲዮ ለመኪና ሲቀርብ ሙቀት ያከተመለት መስሎ ነበር፤ የሰው ጆሮ ግን ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀው ድምፅ እየበዛ ሄደ። የእኛ ከበሮ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ እንዲያውም ፀሐይ ሲመታው ቆዳው ተወጥሮ ድምፁ ያምራል።

ባለሙያው ወንበሩን አንሥተው ቴስተራቸውን አወጡ። ሞተሩ ተነሥቶ በባትሪው ላይ ሲለኩ 14 ቮልት ገደማ ሆነ፤ ይህ ደኅና ነው። ዘፈኑ ከፍ ብሎ ሳለ በአምፕሊፋየሩ ላይ ሲለኩ ግን 11 ከምናምን ብቻ ተገኘ። ሦስት ቮልት ያህል በመንገድ ጠፍቷል ማለት ነው። «ሌባው ሽቦው ነው» አሉ። የኔጋቲቩን ገመድ ተከትለው ሄደው በወለሉ ብረት ላይ የታሰረበትን ብሎን ፈቱ፤ ገመዱ በቀለሙ ላይ ነበር የታሰረው። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ያለፈውም በብሎኑ ጥርስ በኩል ተሹለክልኮ ነው። ብዙ አምፕሊፋየሮች ቮልቱ ሲያንሳቸው ያንኑ ኃይል ለማውጣት ይበልጥ ብዙ አምፔር ስለሚስቡ ይበልጥ ይግላሉ። ሽማግሌው ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ብረቱ እንደ መስተዋት ሲያበራ ገመዱን አጥብቀው አሰሩት። የአዎንታዊውንም ሽቦ ልጠው አሳዩን፤ ከላይ መዳብ ይመስላል፤ ውስጡ አሉሚኒየም ነው። እንዲህ ያለው ርካሽ ሽቦ ውፍረቱ ከላስቲኩ ነው። ወፍራም የመዳብ ሽቦ ተተካ። በእኔ አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ መፈተሽ ያለበት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከሁሉ የረከሰው መድኃኒት ነው።

ሁለተኛው ጥፋት በጣሪያው ላይ ተገኘ። መኪናዋ በፊት አራት ስፒከር ነበራት፤ ሾፌሩ ለኋለኞቹ ተሳፋሪዎች ሲል አራት ጨምሮ በየመውጫው ሁለት ሁለት አድርጎ ጎን ለጎን አስሯቸዋል። እያንዳንዱ ስፒከር 4 ኦም ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ። 2 ኦም ሲሆን አምፕሊፋየሩ የሚያወጣው አምፔር በእጥፍ ያድጋል፤ በጀርባው ላይ ግን ከ4 ኦም በታች እንዳይታሰር ተጽፎበታል። ጽሑፉን ማንም አላነበበውም። ባለሙያው ሁለቱን ስፒከሮች አንዱን ከሌላው ቀጥለው አሰሯቸው፤ እንዲህ ሲሆን 8 ኦም ነው። ድምፁ ጥቂት ዝቅ አለ። ረዳቱ ቅር አለው፤ አምፕሊፋየሩ ግን አረፈ።

የድምፅ ማስተካከያዋን ትንሽ ብሎንም መለሷት። ይህች ብሎን እስከ መጨረሻው ተጠምዝዛ ነበር፤ ብዙ ሰው የድምፅ መጨመሪያ ይመስለዋልና። ሥራዋ አምፕሊፋየሩን ከቴፑ ጋር ማመጣጠን ብቻ ነው። ከልክ ሲያልፍ ድምፁ ይሻክራል፤ አምፕሊፋየሩም ስፒከሩም ይግላሉ። ቴፑን ሦስት ሩብ ያህል ከፍተው፥ ድምፁ መሻከር እስኪጀምር አዙረው፥ ከዚያ ጥቂት መለሱ። አቧራውንና የጤፍ ገለባውን በብሩሽ ጠረጉለት፤ ከኋለኛው ወንበር በስተ ጀርባም በጣውላ ላይ ሸንሸኖቹን ወደ ላይ አቁመው፥ ከግድግዳው ሁለት ጣት አርቀው አሰሩት። ትኩስ አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

እስከዚህ ድረስ ሰውዬው በፈገግታ ነበር የሚሠሩት። ፊታቸው የተለወጠው ፊውዙን ሲያዩ ነው። ፊውዙ ከባትሪው ዘንድ ሳይሆን ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ነበር፤ ያም ቢሆን ተቃጥሎ በሲጋራ ወረቀት ተጠቅልሏል። ከባትሪው እስከ አምፕሊፋየሩ ያለው ሽቦ ከብረት ጋር እየተፋተገ ሲሄድ ላስቲኩ አንድ ቀን ቢላጥ፥ የሚያቆመው ነገር የለም፤ ባትሪው በመቶ የሚቈጠር አምፔር አፍስሶ ሽቦውን ያቀልጠዋል፤ ምንጣፉም ይቀጣጠላል።

«ይህን ሁሉ ሕዝብ ጭነህ ነው እንዲህ የምታደርገው?» አሉት። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። ፊውዙ ከባትሪው ከ45 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ተተከለ፤ ልኩም በሽቦው ውፍረት እንጂ በሾፌሩ ምኞት አልተመረጠም።

እኛ ስንጠብቅ አንድ የአይሱዙ ሾፌር መጥቶ ነበር። የእሱ መኪና በሁለት ባትሪ 24 ቮልት ነው፤ ቴፑ ግን 12 ቮልት ስለ ሆነ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ጠልፎ ወስዷል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ባትሪ ዘወትር ይራባል፤ ሁለተኛው ከልክ በላይ ይጠግባል፤ ሁለቱም ዕድሜያቸው ያጥራል። «ቮልት መቀነሻ ይዘህ ና» ተብሎ ተመለሰ።

ሒሳቡ የሽቦው፥ የፊውዙና የእጅ ዋጋ ብቻ ሆነ። ባለሙያው ሾፌሩን ሲያሰናብቱ፦ «አንድ ሰዓት ያህል ካዘፈንኸው በኋላ መዳፍህን ጀርባው ላይ አድርግ። እስከ አሥር ቈጥረህ ከቻልኸው ደኅና ነው። ካልቻልኸው ግን አትግዛ፤ ወደ እኔ መልሰው» አሉት። ብረት 60 ዲግሪ ሲደርስ የሰው እጅ ከጥቂት ሰኮንድ በላይ አይታገሠውም፤ ስለዚህ ሽማግሌው ያለ ቴርሞሜትር ለኩ ማለት ነው።

አሮጊቲቱ ኮላ ድባ ቀሩ። እኛ ግን አጼ ሱስንዮስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥት ወዳሠሩበት ወደ ጎርጎራ አገር ቀጠልን። ፀሐዩ አልበረደም፤ ሜዳውም ያው ሜዳ ነው፤ ዘፈኑ ግን ሳይቋረጥ ጭዋሂት ደረሰ። እዚያ ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ የኋላውን በር ከፈተና እጁን በአሉሚኒየሙ ላይ አሳረፈ። ረዳቱ ጮክ ብሎ ቈጠረለት። አሥር ሲል ሾፌሩ እጁን አላነሣም፤ አሥራ አምስት ድረስ አስቈጠረው።